ሊስት መቅዳት ሠራዊት መገንባት አይደለም

ሰሞኑን በቴሌግራም ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዞር የሰነበተ ጽሑፍ አለ። በትንንሽ ምስሎች የሚደረገውን የምናብ ጦርነት ጨዋታ ለጀማሪ የሚያስተዋውቅ ነው። ኦርኩ፣ ድንኩ፣ ዘንዶው፣ ባለጥሩሩ ፈረሰኛ ጠረጴዛ ላይ ተሰልፎ በዳይስ የሚዋጋበትን ማለቴ ነው። አጻጻፉ ይጥማል፤ ቀልድም አያጣውም። በአማርኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደ ልብ ስለማይገኝ ሰው ቢቀባበለው አይገርምም። ችግሩ ምክሩ ላይ ነው። ይህን ምክር ሰምቶ ገንዘቡን የሚያወጣ ሰው ከጥቂት ወር በኋላ ሳጥኑን አልጋ ሥር እንዳይከተው እሰጋለሁ።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። ጀማሪ የራሱን ሠራዊት ለመቀመር አይድከም፤ ውድድር ያሸነፈ ሰው ሊስት፣ ማለትም የሠራዊቱን ዝርዝር፣ ይቅዳ ይላሉ። ሊስቱ ጥሩ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ደግሞ ካልኩሌተር ይበቃል፤ የዳይስ ዕድል የሚታወቅ ነገር ነው። መሞከር የግድ ከሆነ ሦስት ጨዋታ በቂ ነው፤ ከተሸነፈ ሊስቱን ይቀይር። ነጥቡን፣ ማለትም ሠራዊት የሚገዛበትን ለሁለቱም ተጫዋች እኩል የሆነ በጀት፣ በጥቃቅን ጭፍሮች ከሚበታትን እንደ ዘንዶ ባሉ ትልልቅ ፍጡራን ላይ ያፍስሰው። በመጨረሻም ሠራዊቱን ባንዴ ይግዛ፤ ባልገዙት ምስል ፋንታ ሌላ ነገር አስቀምጦ መጫወት ያሳፍራል፤ ለነገሩ የሚያሸንፈውም ገንዘብ ያለው ነው። የሁሉም ምክንያት አንድ ነው። ባሕር ማዶ ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ለጨዋታ ያለው አንድ እሑድ ከሰዓት ነው፤ እሱን በሙከራ አያባክን። ምክንያታቸውን እረዳለሁ። የምከራከረው መንገዱ ላይ ነው።

ምሳሌዎቼን የምወስደው ከኪንግስ ኦፍ ዋር ነው። ኖቲንግሃም ያለው ማንቲክ ጌምስ የሚያሳትመው ጨዋታ ነው። የመጀመሪያውን ሕግ የጻፈው ቀድሞ ዋርሃመር የሚባለውን ጨዋታ በሚያሳትመው ጌምስ ወርክሾፕ ይሠራ የነበረው አሌሲዮ ካቫቶሬ ነው። እኔ የማወራው በ2019 ስለወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ለማያውቀው አንባቢ ይህን ያህል ይበቃል። 20 እግረኛ አንድ ሬጅመንት ይባላል፤ 40 ሲሆን ሆርድ። በዚህ ጨዋታ የሞተ ወታደር ከጠረጴዛው አይነሳም፤ ጉዳት ብቻ ይቆጠራል። ከድብደባው በኋላ አጥቂው ሁለት ዳይስ ጥሎ ድምሩ ላይ ጉዳቱን ይጨምራል። ውጤቱ ነርቭ ከሚባለው የተመታው ጭፍራ የጽናት ቁጥር ጋር ይነጻጸራል። ያኔ ጭፍራው ወይ ይጸናል፣ ወይ ይርበደበዳል፣ ወይ ይበተናል። ሌላው ዝርዝር ነው።

አሸናፊን መቅዳት ከሚለው እንጀምር። ያሸነፈ ሊስት ማንበብ እንደሚያስተምር አልክድም። ስንት እግረኛ፣ ስንት በራሪ፣ ስንት ጠንቋይ እንደያዘ ማየት ዓይን ይከፍታል። ግን ሊስት የሚነግረን ሰውየው ምን ይዞ እንደመጣ ነው። የት እንዳሰለፈው፣ ማን የማንን ጎን እንደጠበቀ፣ በሁለተኛው ዙር ማንን ሆን ብሎ እንዳስበላ አይነግረንም። ያሸነፈው ግን በዚያ ነው።

ሌላም አለ። በዚህ ጨዋታ ውድድር ላይ ብዙ ጊዜ የቼዝ ሰዓት ይቀመጣል። ጊዜህ ካለቀ አለቀ፤ ባላጋራህ የቀረውን ብቻውን ይጫወታል። አሁን ብዙ ትንንሽ ፈጣን ጭፍሮች የያዘ ሊስት አስቡ። ልምድ ያለው ሰው እጁ ስለለመደ እያንዳንዱን በሰከንዶች ያንቀሳቅሳል። የቀዳው ጀማሪ ግን ለእያንዳንዱ ኢንች ሲለካ፣ ሲመልስ፣ ደግሞ ሲለካ በሦስተኛው ዙር ሰዓቱ ያልቅበታል። ሊስቱ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ዋንጫ ሲወስድበት ሌላው ጨዋታውን እንኳ አይጨርስበትም።

ደግሞስ የነጥብ ዋጋ ሰው የገመተው ነገር ነው። አሳታሚዎቹ ራሳቸው እየደጋገሙ ያሻሽሉታል፤ ብዙ ያሸነፈ ነገር ደግሞ መጀመሪያ ዋጋው የሚጨመረው እሱ ነው። ጌምስ ወርክሾፕ በ2015 የድሮውን የዋርሃመር ዓለም ዘግቶ ኤጅ ኦፍ ሲግማር የሚባለውን ጨዋታ ሲያወጣ ጭራሽ ነጥብ አልነበረውም። ተጫዋቹ ሠራዊቱን በዓይኑ መጥኖ እንዲስማማ ተተወ። ጩኸቱ በረታና በ2016 ነጥቡ ተመለሰ። እንዲህ በሚለዋወጥ ነገር ላይ የቆመን ሊስት ለምን እንደሠራ ሳታውቅ ከቀዳኸው፣ ዋጋው የተቀየረ ዕለት ምኑን አስቀርተህ ምኑን እንደምትጥል ግራ ይገባሃል።

ካልኩሌተሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጸሐፊው ከልባቸው የተከራከሩት እዚህ ጋ ነውና። ክርክራቸው ቀላል ነው። ዳይስ ስድስት ገጽ አለው። የእያንዳንዱን ጭፍራ አማካይ ጉዳት አስልቶ ለነጥብ ዋጋው ማካፈልና ማወዳደር ይቻላል። በእርግጥ ይቻላል፤ እኔም አደርገዋለሁ። ጨርሶ የማይረባውን ለመጣል ጥሩ ወንፊት ነው። ግን ራሱ ሒሳቡ ምን እንደሚል አብረን እንየው።

16 ጥቃት ያለው፣ ማለትም ሲመታ 16 ዳይስ የሚጥል፣ የፈረሰኛ ሬጅመንት እንውሰድ። ለመምታት 3 እና ከዚያ በላይ፣ ለመጉዳትም 3 እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል እንበል። ከጥቃቱ ሁለት ሦስተኛው ይመታል፤ ከመታው ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ይጎዳል። አማካዩ 7 ጉዳት ይሆናል። ካልኩሌተሩ እዚህ ያቆማል። አሁን የተመታው ሬጅመንት ነርቭ 14 እና 16 ነው እንበል። ዳይሱና ጉዳቱ ተደምሮ 14 ከደረሰ ይርበደበዳል፤ በሚቀጥለው ተራው መግባት፣ ማለትም ሮጦ መግጠም፣ አይችልም። 16 ከደረሰ ይበተናል። 7 ጉዳት ይዞ እንዲበተን ዳይሱ 9 ወይም ከዚያ በላይ መውጣት አለበት፤ ዕድሉ 28 በመቶ ገደማ ነው። ጉዳቱ 9 ቢሆን ኖሮ ግን 7 ይበቃ ነበር፤ ዕድሉ 58 በመቶ ይደርሳል። ሁለት ጉዳት ተጨመረ፤ ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ሆነ። በ16 ጥቃት ከአማካዩ በሁለት ከፍ ወይም ዝቅ ማለት ደግሞ የየዕለቱ ነገር ነው። አማካዩን የያዘ ሰው መልሱን የያዘ ይመስለዋል እንጂ አልያዘም።

ያው ፈረሰኛ ከጎን ቢገባስ? ሕጉ ከጎን የገባን ጥቃቱን እጥፍ፣ ከጀርባ የገባን ሦስት እጥፍ ያደርግለታል። 32 ጥቃት ሆነ፤ 14 ጉዳት። ከዚህ በኋላ ያን ሬጅመንት የሚያተርፈው ሁለቱም ዳይስ 1 ከወጡ ብቻ ነው፤ ያኔ ድምሩ 16 ቢደርስም ሕጉ ይጸናል ይላል፤ ከ36 አንዴ። ፈረሰኛው ያው ነው፤ ነጥቡም ያው። የተለወጠው የቆመበት ቦታ ነው። ካልኩሌተሩ ደግሞ ቦታ የሚባል ነገር አያውቅም።

ከዚህ የባሰው የቻፍ ነገር ነው። ቻፍ የምንለው ከፊት የሚቆመውን፣ ርካሹን፣ ሊሞት የተፈረደበትን ጭፍራ ነው። ጠረጴዛው 6 በ4 ጫማ ነው። ሁለቱም ሠራዊት ከየጠርዙ 12 ኢንች ውስጥ ይሰለፋል፤ መሃሉ 24 ኢንች ነው። ፍጥነቱ 8 የሆነ ፈረሰኛ ሲገባ እጥፉን፣ ማለትም 16 ኢንች ይሄዳል። በመጀመሪያው ዙር 8 ኢንች ከገፋሁ ርቀታችን 16 ሆነ። ቀጣዩ ተራ የባላጋራዬ ነው፤ ቀድሞ የሚገባብኝ እሱ ነው። ካልገፋሁ ደግሞ ሜዳውን ለቀቅኩለት። መላው ምንድን ነው? ርካሹን ጭፍራ ከፈረሰኛዬ ፊት መሃል ላይ መገተር። ባላጋራዬ ወይ ይቆማል፣ ወይ ቻፉን ይደመስሳል። ቢደመስሰው የሱ ፈረሰኛ የኔ ፈረሰኛ አፍንጫ ሥር ቆሞ ይቀራል፤ ተራው ደግሞ የኔ ነው። ያ ርካሽ ጭፍራ ጨዋታው እስኪያልቅ አንድ ጉዳት ላያደርስ ይችላል። በጸሐፊው ስሌት ከሊስቱ መጀመሪያ የሚባረረው እሱ ነው። በኔ ሊስት ግን መጨረሻ የምነካው ነው።

አሁን ሦስት ጨዋታ ወደሚለው። እኩል ችሎታና እኩል ሠራዊት ያላቸው ሁለት ሰዎች ሦስት ጊዜ ቢገጥሙ፣ አንደኛው ሦስቱንም የመሸነፍ ዕድሉ ከስምንት አንድ ነው። እንግዲህ ምንም ያልጎደለው ሊስት የያዙ ስምንት ጀማሪዎች የጸሐፊውን ምክር ቢከተሉ፣ በአማካይ አንዱ ጥሩ ሠራዊቱን ይጥላል ማለት ነው። የጨዋታውን ቁጥር 10 ብናደርገውም ብዙ አንርቅም። ከመሃከለኛ ያልተሻለ ሊስት በዕድል ብቻ 7 እና ከዚያ በላይ የማሸነፍ ዕድሉ 17 በመቶ ነው። ከመቶ 60 የሚያሸንፈውን ሊስት 50 ከሚያሸንፈው በእርግጠኝነት ለመለየት ወደ 200 ጨዋታ ያስፈልጋል። ያውም ሕጉ በመሃል ካልተቀየረ፣ አንተም በመሃል ካልተሻሻልክ ነው። ሁለት ሥራ ላለበት ሰው ይህ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ስለዚህ ጸሐፊው ጊዜ የለም ሲሉ ልክ ናቸው። ግን ጊዜ ከሌለ ማሸነፍና መሸነፍን መቁጠር ከሁሉም የባሰው መለኪያ ነው። ከአንድ ጨዋታ የሚገኘው አንድ ቃል ብቻ ይሆናላ፤ አሸነፍኩ ወይ ተሸነፍኩ። ከዚያው ጨዋታ ብዙ ነገር ማውጣት ይቻላል። የትኛው ጭፍራ ስድስቱ ዙር እስኪያልቅ ምንም ሳይሠራ ቀረ? መጀመሪያ የገባው ማን ነው፣ እኔ ፈልጌ ነው ወይስ ተገድጄ? ሰዓቱ በቃኝ? ሲናሪዮው፣ ማለትም የጨዋታው ግብ፣ መሬት መያዝ ሲሆን መሬቱ ላይ የሚቆም ሰው ተርፎኛል? ስድስተኛው ዙር ካለቀ በኋላ ዳይስ ይጣልና 4 እና ከዚያ በላይ ከወጣ ሰባተኛ ዙር ይጨመራል፤ ያ ዙር ቢመጣ የያዝኩትን ይዤ እቆያለሁ?

አንድ ምሳሌ ላንሳ። አንድ ሆርድ ቀስተኛ ይዘህ ተሸነፍክ እንበል። ማስታወሻህን ስታይ ቀስተኞችህ ጨዋታውን ሙሉ የተኮሱት ሁለቴ ብቻ ነው። የጸሐፊው ምክር ቀስተኛውን ጣል፣ ሌላ ግዛ የሚል ይሆናል። ግን ለምን ሁለቴ ብቻ? የ40 ቀስተኛ ሆርድ በተለመደው የእግረኛ መቆሚያ ፊቱ 20 ሴንቲሜትር፣ 8 ኢንች ገደማ ነው። ይህን ሰፊ ነገር መሃል አሰለፍከውና የራስህ እግረኛ ፊቱ ሄዶ ቆመ። ዓይኑን የጋረድከው አንተው ነህ። ቀስተኛው ምንም አላጠፋም። በሚቀጥለው ጨዋታ ያንኑ ሊስት ይዘህ ቀስተኛውን ከዳር፣ ሜዳውን አግድም በሚያይበት ቦታ አቁመው። ከዚያ በኋላም ካልተኮሰ ያኔ እንነጋገራለን። ዋናው ነገር አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር ነው። ሊስቱን ግማሽ ቀይረህ፣ አሰላለፉን ቀይረህ፣ ባላጋራም ቀይረህ ብታሸንፍ በየትኛው እንዳሸነፍክ በምን ታውቃለህ?

ለጊዜው ችግር ደግሞ ሁለት መፍትሔ አለኝ። አንደኛው ሙሉ ጨዋታ አለመጫወት ነው። አሰልፉ፣ ሁለት ዙር ተጫወቱ፣ ሰብስቡት። ደግማችሁ በሌላ አሰላለፍ። ብዙ ሊስት የሚበላሸው ከሁለተኛው ዙር በፊት ስለሆነ በአንድ ከሰዓት ብዙ ትማራላችሁ። ሁለተኛው ለክብር ትንሽ ከበድ ይላል፤ ሠራዊታችሁን ለባላጋራችሁ ስጡና የሱን ይዛችሁ ግጠሙት። የገዛ ሊስታችሁ ከማዶ ሲታይ ቀዳዳው ወለል ብሎ ይታያል።

ዘንዶው ላይ ብዙ አልጨቃጨቅም፤ ዘንዶ የማይወድ ሰው ወደዚህ ጨዋታ አይመጣም። ጸሐፊው እንደሚሉት በራሪ ትልቅ ፍጡር ባላጋራን ያስጨንቃል፤ ጀርባውን ሁሌ እየዞረ እንዲያይ ያደርገዋል። ይህን እቀበላለሁ። ቁጥሩ ግን ይሄው። 10 ጥቃት ያለው፣ በ3 የሚመታ፣ በ2 የሚጎዳ ዘንዶ ከፊት ቢገባ አማካዩ ከ6 ጉዳት ያንሳል። ስድስት እንስጠው። ቅድም ያየነውን ባለ 16 ነርቭ ሬጅመንት ለመበተን 10 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ ዕድሉ ከስድስት አንድ ነው። ካልበተነ አንድ ኢንች ወደ ኋላ ብሎ እዚያው ይቆማል። የተረፈው ሬጅመንት ከፊት፣ ጎረቤቱ ከጎን ይገባበታል። በውጊያ ጉዳት የደረሰበት በራሪ ደግሞ በሚቀጥለው ተራው አይበርም። 2,000 ነጥብ ውስጥ ወደ 300 የወጣበት ነገር መሃል ሜዳ ላይ በእግሩ ቆሞ ቀረ ማለት ነው።

ያው ዘንዶ ከጀርባ ቢገባ በ30 ጥቃት ሬጅመንቱን ያበራየዋል። ግን ጀርባ እንዲገኝ ፊቱን የያዘ ሰው ያስፈልጋል። ያን የሚይዘው እግረኛ ነው፤ ጸሐፊው ነጥባችሁን አታባክኑበት ያሉት እግረኛ። ሕጉም ያግዘኛል። ጀግናና ትልቅ ፍጡር እንደ ልብ አይወሰድም፤ መጀመሪያ ሬጅመንትና ሆርድ ተገዝቶ በር መከፈት አለበት። መሬት በሚያዝባቸው ሲናሪዮዎችም አንድ ዘንዶ በዚያው ነጥብ ከሚገዙ ሁለት የእግረኛ ሬጅመንቶች ያነሰ ነው የሚቆጠረው። ዘንዶ ውሰዱ፤ ግን ሠራዊቱ ያለ ዘንዶውም የሚቆም ይሁን።

የቀረው የገንዘቡ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ምንም ለውጥ አያመጣም ብል ውሸት ነው። ያለው ሰው ዋጋ በተቀየረ ቁጥር አዲሱን ጠንካራ ነገር መግዛት ይችላል። ግን ጠረጴዛው ላይ ሁለታችንም 2,000 ነጥብ ነን፤ ከዚያ ወዲያ የባንክ ደብተር ወደ ጎን አይገባም። ሁሉን ባንዴ ግዙ የሚለው ደግሞ ሦስት ጨዋታ ይበቃል ካሉት ከራሳቸው ምክር ጋር ይጣላል። በሦስተኛው ጨዋታ ሊስቱን ሊቀይር የሚችል ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን ገዝቶ የተረፈውን ምን ያደርገዋል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

በሌላ ነገር ተክቶ መሞከር ያሳፍራል የሚለውን ግን ከአማርኛ ተናጋሪ መስማቴ አስቆኛል። በቆርኪ ዳማ ተጫውተን ያደግን ሰዎች ነን፤ ቆርኪው ንጉሥ ሲሆን የተቃወመ አልነበረም። እዚህም እንደዚያው ነው። የተለመደ የእግረኛ ሬጅመንት ጠረጴዛ ላይ የሚይዘው ቦታ 100 በ80 ሚሊሜትር ነው። ካርቶን በዚያ ልክ ቆርጦ ስሙንና ነርቩን መጻፍ ነው። ፊቱ የትኛው እንደሆነ በቀስት ምልክት ይደረግበት፤ ካለበለዚያ በጎን ጉዳይ ጠብ ይነሳል። እንዲህ ሞክራችሁ፣ ሊስቱ ሲቀያየር ሁሌ ከውስጡ የማይወጣውን ጭፍራ መጀመሪያ ግዙ፤ መጀመሪያ ቀለም የምትቀቡትም እሱን። አንድን ሬጅመንት በደንብ ቀብቶ መጨረስ የስንት ማታ ሥራ ስለሆነ ለሚጣል ነገር አይሆንም።

ኪንግስ ኦፍ ዋር ላይ የሌላ ኩባንያ ምስል መጠቀም የተለመደ ነው። ሰፊ የጋራ መቆሚያ ላይ ስለሚለጠፍም 20ውን ሰው ሙሉ መደርደር ግዴታ አይደለም፤ ትንሽ ዛፍ፣ ድንጋይ፣ የወደቀ ጋሪ ጣል ይደረግበታል። ወጪውም በዚያው ይቀንሳል። ውድድር ለመግባት ካሰባችሁ ግን አዘጋጁ ምን እንደሚፈቅድ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ጌምስ ወርክሾፕ ራሱ በሚያዘጋጃቸው ውድድሮች የሚቀበለው የራሱን ምስሎች ነው፤ እዚያ ካርቶን ይዞ የሄደ ሰው ከበር ይመለሳል።